ሰዓቴን ያስተካከለልኝ ጎልፍ ነው

ጠዋት ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ስሮጥ የሚያገኙኝ ልጆች "ደራርቱ! ደራርቱ!" እያሉ ይጮሁልኛል። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ሲጠሩኝ ፍጥነት እጨምራለሁ፤ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ፣ ከዓይናቸው እስክሰወር ድረስ። ከዚያ ቆሜ፣ ጉልበቴን በእጄ ይዤ ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

38 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ቀኑን ቢሮ ነው የምውለው፣ መሮጥ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከእኔ ጋር የጀመሩ ስድስት ሰባት ሰዎች ትተውታል። አንዷ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። እግራቸው እምቢ ብሏቸው አይደለም። ያስቆማቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያስቀመጡት ሰዓት ነው። እኔም ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ለዚህ ነው ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ የተቀመጥኩት።

እኛ አገር ሩጫ እንደ ሌላው ስፖርት አይደለም። የሰፈር ልጅ ኳስ ሲጫወት ሜሲን ባይሆን ማንም አይታዘበውም። ሩጫ ሲሆን ግን ነገሩ ከባንዲራ ጋር ይያያዛል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨርሶ ወርቅ አመጣ። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ። ከዚያ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ በቴሌቪዥን ያየነው ሯጭ ሁሉ የሚያሸንፍ ሯጭ ነው። የሚሸነፍ፣ መሀል ላይ የሚቀር፣ ዝም ብሎ ለጤናው የሚሮጥ ሰው አላየንም። ቢሮአችን ለአጭር ጊዜ መጥታ የሠራች የውጭ አገር ሴት ሩጫ ልጀምር ነው ስላት "አንቺማ በደምሽ ውስጥ ነው" አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የሚካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ልሮጥ ስመዘገብ ግቤን እንዴት እንዳወጣሁ ልንገራችሁ። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሄንግሎ ላይ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። በኋላ ኬንያዊቷ ቤያትሪስ ቼቤት ከ29 ደቂቃ በታች አወረደችው፣ ግን ያኔ በጭንቅላቴ የነበረው የለተሰንበት ሰዓት ነው። እኔ እንደሷ አይደለሁም፣ አልኩ። ስለዚህ ከሷ 20 ደቂቃ ልዘግይ። 20 ደቂቃ ብዙ ነው። 50 ደቂቃ ብለን እንያዘው። ይኼው ነው። በዚህ ሂሳብ ውስጥ የእኔ እግር የለም፣ የእኔ ልብ የለም፣ የእኔ እንቅልፍ የለም፣ የድሬ ሙቀት የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ ግን የሰው ወርቅ ላይ 20 ደቂቃ ጨምሬ የራሴ መስሎኝ አጠለቅሁት።

ብዙ ቆይቼ አንድ ቀን 400 ሜትር አስለክቼ በሙሉ ኃይሌ ሮጥኩ። 1 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ ለመናገር እንኳን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ለተሰንበት ያንን ዙር ከ70 ሰከንድ በታች ነው የሮጠችው፣ እሱንም ሳታቋርጥ 25 ጊዜ። ያን ቀን ለሷ ያለኝ አክብሮት በእጥፍ ጨመረ። በፊት እወዳት ነበር፣ ምን እንደሠራች ግን አላውቅም ነበር።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። ኅዳር ነው። ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ፣ እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ቆምኩ። ቀድሜ ስለደረስኩ ፊት አካባቢ ቦታ አገኘሁ። ሲለቁን ወጣሁ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ10። ሰዓቴን አይቼ "ትንሽ ነው የቀረኝ" አልኩ። ሁለተኛው 5 ደቂቃ ከ40። ሦስተኛው ላይ ዳገት ጀመረ፣ አራተኛው ላይ ደረቴ ውስጥ አየር አልቆ የሆነ ሰው በጨርቅ ያፈነኝ መሰለኝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ አዲስ አበባ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አንድ ሌሊት አድሮ ሰውነት ያንን አይለምድም። ይህን የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መራመድ ጀመርኩ። ዙሪያዬ ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሮጣል፣ ሁሉም ያንኑ ካናቴራ ለብሶ ይስቃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሰዓቴን መስታወት አያለሁ። 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ላይ ገባሁ። ሜዳሊያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ድሬ ስመለስ ልጆቼ "አሳዪን" ሲሉኝ "ኋላ" አልኳቸው። አሁን የሚቆጨኝ ሰዓቱ አይደለም። የልጆቼ ፊት ነው።

ከዚያ ሁለት ወር አልሮጥኩም። ጫማው አልጋ ስር ሆኖ አቧራ ጠጣ። ጓደኞቼም "አቦ ተዪው፣ ምን አለፋሽ?" አሉኝ፤ ለእኔ አዝነው ነው።

ወደ ሩጫ የመለሰኝ ሰው ሯጭ አይደለም። ለሥራ ስልጠና አዲስ አበባ ሄጄ በምሳ ሰዓት አጠገቤ የተቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ጎልፍ ይጫወታሉ። ስለ ጎልፍ የማውቀው ነገር ቢኖር ሣር ሜዳና ነጭ ኳስ ብቻ ነው። ለወሬ ያህል "ጋሼ፣ ጎበዝ ነዎት?" አልኳቸው።

"ሃንዲካፔ 24 ነው" አሉኝ፣ ልክ የጫማ ቁጥራቸውን እንደሚናገሩ።

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ናፕኪን ላይ ጻፉልኝ። ጎልፍ 18 ቀዳዳ አለው። ብዙ ሜዳ ላይ ጎበዝ ተጫዋች ያንን በ72 ምት ይጨርሳል ተብሎ ይጠበቃል፣ ፓር የሚሉት እሱን ነው። የእሳቸው ቁጥር 24 ስለሆነ ከ72 ላይ 24 ጨምረው በ96 ገደማ ቢጨርሱ የሚጠበቅባቸውን ሠርተዋል። ቁጥሩ ለወንድም ለሴትም እስከ 54 ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የ5 ቁጥር ሰውና የ30 ቁጥር ሰው አንድ ሜዳ ላይ ወጥተው በእውነት ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዱ ከራሱ ቁጥር አንጻር ይታያል።

ይህ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ልቤን የነካው ግን ቁጥሩ የሚሠራበት መንገድ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሚሠሩበት አንድ ስሌት አለ። የመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ይታያሉ፣ ከነሱ ውስጥ ምርጥ 8ቱ ይወሰዱና አማካያቸው ይሰላል። እንግዲህ አስቡት። ቁጥሩ የወጣው ከጥሩ ቀኖችህ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ቀን ከራስህ ቁጥር የባሰ ውጤት ነው የምታመጣው፤ እንደዚያም መሆን አለበት፣ ምንም አልተበላሸም።

"ታዲያ ከቁጥርዎ የባሰ ሲጫወቱ አይናደዱም?" አልኳቸው።

"በፊት እናደድ ነበር እንጂ። አንቺ ከ20 ቀን 20ውን ምርጥ ልትሆኚ ነው የምትፈልጊው?"

አንድ ሌላ ነገርም ነገሩኝ። በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር የሚጫወቱት ባለሙያዎች፣ በዓለም አሉ የሚባሉት፣ ከ2 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ሆነው ኳሷን ቀዳዳ የሚከቷት በግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግን ሁሌ የሚከቱ ይመስላል፤ ካሜራው ያን ሳምንት እየመራ ያለውን ሰው ነዋ የሚከተለው። ይህን ሲሉኝ ወዲያው ኃይሌ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱ አሞት አቋርጦ ወጣ፣ ያኑ ቀን ሩጫ አቆምኩ አለ፣ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ኃይሌ ነው ይህን ያደረገው። እኔ የማስታውሰው ግን ክሩን ሲበጥስ ብቻ ነው።

ድሬ እንደተመለስኩ የልጄን ያለቀ የሒሳብ ደብተር አነሳሁ፣ ከጀርባው 20 መስመር አሰመርኩ። አንድ መንገድ መረጥኩ፤ ከለገሃር ተነስቼ በከዚራ ዛፎች ስር አድርጌ ዞሬ የምመለስበት 5 ኪሎ ሜትር። በሳምንት ሦስት ቀን ሮጥኩና ሳልመርጥ፣ ሳልደብቅ ሁሉንም ጻፍኩ። ሰባት ሳምንት ወሰደብኝ። ደብተሩ አሁንም አጠገቤ ነው። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ ረቡዕ፣ 36 ደቂቃ ከ15፣ ትንሹ ሌሊቱን ሲያስል አደረ። ሌላው፦ እሁድ፣ 41 ደቂቃ ከ30፣ አርፍጄ 3 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሌላው ደግሞ፦ ሰኞ፣ 33 ደቂቃ ከ50፣ ነፋስ ነበር፣ እግሬ አይታወቀኝም። ሃያው ሲሞላ ምርጥ 8ቱን ከብቤ አማካዩን አወጣሁ። 34 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ።

ያቺን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየኋት። ማንም አልሰጠኝም። ከማንም ላይ አልተቀነሰችም፣ ማንም ላይ አልተደመረችም። የእኔ ነች።

የ41 ደቂቃዋን እሁድ ነገር ማብራራት አለብኝ፣ ምክንያቱም ድሬ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ስንፍና አይደለም። ሰውነት ሲግል ደሙን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይልካል፣ ያ ደም ደግሞ ከጡንቻ ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ በዚያው ፍጥነት ስትሮጥ ልብህ ከወትሮው በላይ ይመታል፣ ላብህ ሲፈስ ደሙ ራሱ ይቀንሳል፣ ልብ ይባሱን ይሠራል። ሙቀቱን ለመልመድ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ከለመዱም በኋላ ቢሆን ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይ ከወጣች ወዲያ የምትሮጠው ሩጫ ከጥር ጠዋት ሩጫ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። እኔ አሁን ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ካልወጣሁ አልወጣም። ማታውንስ? ከሰዓት በኋላ ድሬ በሯን ዘግታ በርጫዋን ይዛ ነው የምትቀመጠው፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ አስፋልቱ የዋለበትን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል።

ሐረር የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች፣ እሷም ትሮጣለች። የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን፣ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። ድሮ ሰዓት እየተላላክን እንጨቃጨቅ ነበር። ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትደርስ አየሩ ሌላ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ስስ ነው፣ መንገዱም ቁልቁልና ሽቅብ ነው። የሷ 6 ደቂቃና የኔ 6 ደቂቃ አንድ አይደሉም። አሁን የምንላላከው ከራሳችን ቁጥር ስንት እንደራቅን ነው።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ፣ እሱን በእግሬ ከፍዬበታለሁ። ቁጥሬን ካገኘሁ በኋላ ቶሎ ላሻሽላት ጓጓሁ። አንዱ "ደቻቱ አሸዋ ላይ ሩጪ፣ ጉልበት ይሰጣል" አለኝ። በጋ ነው፣ ወንዙ ደርቋል፣ (ክረምት ላይ ማንም የድሬ ሰው እዚያ ውስጥ አይሮጥም፣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ አይረሳውም) ከሦስት ቀን ወደ ስድስት ቀን አሳድጌ አሸዋው ውስጥ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት የቅልጥሜ አጥንት ከፊት ለፊት መቆርጠም ጀመረ። ደረጃ ስወርድ አለቅስ ነበር። ሐኪሙ አንድ ወር እረፍት አዘዘልኝና ያስረዳኝ ነገር ቀላል ነው፦ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽሽ "እንሂድ" ይላል፣ አጥንትሽ ገና አልደረሰም። ትንፋሼን ብቻ ነበር የማዳምጠው።

ባለሙያ ሯጮች በሳምንት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ፣ ቀን ተኝተው ያርፋሉ፣ ጡንቻቸውን የሚያሽላቸው ሰው አላቸው፣ ሥራቸው እሱ ነው። እኔ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ከሮጥኩ ጥሩ ሳምንት ነው። ከሩጫ ስገባ ልጆች ቁርስ ይፈልጋሉ፣ የትምህርት ቤት ሰዓት አለ፣ ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቢሮ። ይህን የምጽፈው ላማርር አይደለም። ሕይወቴን እወደዋለሁ። ግን ከ20 ኪሎ ሜትር ላይ የ150ውን ውጤት መጠበቅ ልክ አይደለም፣ ለራስም አይገባም።

ጠዋት ጠዋት ለገሃር ፊት ለፊት የሚንሸራሸሩ ሽማግሌ አሉ። ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። አባባ ነው የምላቸው። ስጨርስ ሁሌ "ስንት መጣ?" ይሉኛል። አንድ ቀን 37 መጥቶብኝ ፊቴ ጠቁሮ አዩኝና አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ የባቡር ሰዓት እንዴት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። "ዳገቱ ይታያል። ጭነቱ ይታያል። ሞተሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ነው ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ሰዓት የሚባለው። ሌላ አገር ያለ ባቡር ታይቶ የእኛ ሰዓት ወጥቶ አያውቅም።" ከዚያ በትራቸውን አንስተው ሄዱ። ይህቺ ከተማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፣ የሰዓትን ነገር ከባቡር ሰው የተሻለ ማን ያውቃል።

ለሁለተኛው ታላቁ ሩጫ ግቤን እሳቸው እንዳሉት አወጣሁ። 34 ደቂቃ ከ10 ለ5 ኪሎ ሜትር። እጥፉ 68 ደቂቃ ከ20። ዳገቱ፣ ከፍታው፣ የሰው ብዛቱ ሲታሰብ 1 ሰዓት ከ15። ከሦስት ቀን በፊት ሄጄ እህቴ ቤት አረፍኩ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ መጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከ8 ደቂቃ በላይ ወሰድኩበት፣ ሰው ሁሉ እያለፈኝ። ዳገቱ ላይ ግን አልቆምኩም። በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ከአንድ የክራር ዘፈን ጋር አብሬ ዘፈንኩ፣ ዘፈኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ከግቤ 80 ሰከንድ አለፈ። ናፕኪኑ ላይ የተጻፈው ነገር ትዝ ብሎኝ ምንም አልመሰለኝም። ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ እንዳለ ድሬ ይዤው ገባሁ፣ ትንሹ ልጄ ሦስት ቀን አጥልቆት ዋለ።

ሩጫ ያቆመችው ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ ደብተሩን አገላበጠች። እሷ ያስቀመጠችው ሰዓት 45 ደቂቃ ነበር። ከየት አመጣሽው አልኳት። አሰበች፣ አሰበችና "እኔንጃ፣ ጥሩ ቁጥር ስለመሰለኝ ነው" አለችኝ። ባዶ ገጽ ቀድጄ 20 መስመር አሰመርኩላት። ወስዳዋለች።

የእኔ ቁጥር አሁን 33 ደቂቃ ከ40 ደርሷል። በአንድ ዓመት 30 ሰከንድ ነው የወረደው። ዛሬ ጠዋት የሮጥኩት 36 ደቂቃ ከ2 ነው፣ ጽፌዋለሁ። ድሬ ያላችሁ፣ መጀመር የፈለጋችሁ ወይም ጀምራችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል ለገሃር ፊት ለፊት እንገናኝ። ጓደኛዬም ትመጣለች። ደብተርና እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ፣ ውሃ ብቻ ይዛችሁ ኑ።